የፊት በር፦ የጥጥ ጢሰኞች በመዋጮ የሠሩት ሆስፒታል

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

የእድር ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም፦ «ለሞተው ይህን ያህል የምናወጣ፣ ታሞ ሲተኛስ ምን አደረግንለት?» ጥያቄው ይነሳል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ወሬው ወደ ድንኳኑና ወደ ወንበሩ ይመለሳል።

ጥያቄውን ይዘው እስከ ጥግ የሄዱ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ማውንድ ባዩ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የአንድ ማኅበር አባላት በሳንቲም መዋጮ ሆስፒታል ሠሩ። ብዙዎቹ በሰው መሬት ጥጥ የሚያርሱ ጢሰኞች ነበሩ። ሆስፒታሉን ከ1942 ጀምሮ ለ25 ዓመት ያህል ራሳቸው ይዘውት ቆዩ።

ታሪኩ ግን ሁሉም መልካም አይደለም። ማኅበሩ ከዋናው ሐኪም ጋር ተጣላ። አባላት ለሁለት ተከፈሉ። በመጨረሻ ሆስፒታሉ ከእጃቸው ወጣ። ብዙ የተማርኩት ከዚህኛው ክፍል ስለሆነ አልዘለውም። ሰዎቹን በስማቸው ሳይሆን በሥራቸው ነው የምጠራቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ

ማውንድ ባዩን በ1887 የቆረቆሯት በባርነት ያደጉ ሁለት ዘመዳሞች ናቸው። በባርነት ይዟቸው የነበረው ሰው የደቡቡ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ባርነትን ለማቆየት ከአሜሪካ የተገነጠሉት ግዛቶች ፕሬዚዳንት ወንድም ነው። ዘመዳሞቹ ከባቡር ኩባንያ መሬት ገዙ። ጫካውን መነጠሩ፣ ረግረጉን አደረቁ፣ ጥቁሮች ብቻ የሚኖሩበትና የሚያስተዳድሩት ከተማ መሠረቱ። ከንቲባው ጥቁር፣ ፖሊሱ ጥቁር፣ ባለሱቁ ጥቁር። በ1904 የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ። ከከተማዋ ወሰን ሲወጡ ግን የሚሲሲፒ ዴልታ የሚባለው የጥጥ አገር ነው፤ የዘር መድልዎ በሕግ የጸናበት፣ ጥቁር ሰው ድምፅ የማይሰጥበት አገር።

ከ1920 በኋላ የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ከተማዋም አብራ ወደቀች። በ1941 ደግሞ እሳት ተነስቶ አብዛኛውን የገበያ ሰፈር በላው። ሆስፒታሉ በሩን የከፈተው ከዚያ ቃጠሎ በኋላ በነበረው ዓመት ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ «ባለሙያ» የሚባለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፦ ሐኪም፣ አስተማሪ፣ ሰባኪ፣ ቀብር አስፈጻሚ፣ ኢንሹራንስ ሻጭ። ሁሉም ማለት ይቻላል የአንድ ወይም የሁለት ማኅበር አባል ነው። ደንበኛውን የሚያገኘው እዚያ ነው። የሚከበረውም እዚያ ነው። አንድ ልዩነት ግን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። የአስተማሪው ደመወዝ የሚመጣው ነጮች ከያዙት መንግሥት ነበር። የሐኪሙና የቀብር አስፈጻሚው ገንዘብ የሚመጣው ግን ከራሳቸው ሕዝብ ኪስ ነው።

ማኅበሩ

ማኅበሩ «የታቦር ፈረሰኞችና ሴት ልጆች» ይባል ነበር። በ1872 በሚዙሪ ግዛት አንድ ጥቁር ቄስ ነው የመሠረተው። ታቦር ያው የምናውቀው የመጽሐፍ ቅዱሱ ተራራ ነው። ስሙን ሳነብ ችቦና ሙልሙል ፊቴ ድቅን አለ።

ለእኛ ሰው ቶሎ የሚገባው እንዲህ ቢባል ነው፦ እድርና ጽዋ ማኅበር አንድ ላይ ቢዳበሉ። መዋጮ አለ፣ ዳኛና ጸሐፊ አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ፣ ቀብር አለ። ከዚያ በላይ የይለፍ ቃል፣ የማዕረግ ልብስና ሥርዓት አለው። የወንዶቹ ቅርንጫፍ «ቤተ መቅደስ»፣ የሴቶቹ «ድንኳን» ይባላል። ሴቶቹ የራሳቸው ቅርንጫፍ፣ የራሳቸው ሹመት ነበራቸው። ሰኞ ጥዋት የሰው ወጥ ቤት የምትገባ ሴት በማኅበሯ ቀን ሰብሳቢ ሆና ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ይህን ትንሽ ነገር አድርገው የሚያዩት አሉ። ሆስፒታሉን ያሠራው ግን ይህ ልምድ ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ መሰብሰብ፣ መዝገብ መያዝ፣ ድምፅ ሰጥቶ መወሰን፣ በተወሰነው መገዛት። በውጭ የተከለከሉትን ሁሉ በማኅበራቸው ቤት ለአሥርት ዓመታት ተለማምደውት ነበር።

ችግሩ

በዴልታው ጥቁር ሰው ሲታመም የሚሄድበት አልነበረውም። የነጮች ሆስፒታል ቢቀበለው እንኳ የሚያስገባው በጎን በር ነው። የሚተኛው ለብቻ በተለየ ክፍል፣ አንዳንዴም ምድር ቤት። አንሶላውን፣ የሚበላበትን ሳህንና ማንኪያ፣ የጥርስ ብሩሹን ሳይቀር ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ የሚጠይቁም ነበሩ።

እስቲ አስቡት። እናትህ ሆዷን ይዛ ታቃስታለች። አንተ ከቤት ስትወጣ ማንኪያና አንሶላ ትቋጥራለህ። ደርሰህ ደግሞ የፊቱን በር አልፈህ የጎኑን ትፈልጋለህ።

ሐኪሞቹም ችግር ነበረባቸው። ጥቁር ሐኪም የተማረውን ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ክፍል አያገኝም። በሽተኛውን ለነጭ ሐኪም አስረክቦ ይመለሳል። እናቶች በብዛት የሚወልዱት ቤታቸው፣ በልምድ አዋላጅ እጅ ነው።

ማኅበሩ በበኩሉ የሚያውቀው ቀብር ነበር። አባል ሲሞት በክብር ይቀበራል። በዋናነት የሚከፍለው ለሞት ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የሚሲሲፒው ቅርንጫፍ ሰብሳቢ ሕዝቡ በጎን በር ሲገባ ማየት መረረው። በ1938 ለጉባኤው ሐሳቡን አቀረበ፦ የራሳችን ሆስፒታል እንሥራ። ጉባኤው ተቀበለ። አባላት ለሆስፒታሉ የሚሆን ተጨማሪ መዋጮ በየዓመቱ እንዲከፍሉ ተወሰነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ደስ ይለኛል። አዲስ ድርጅት አላቋቋሙም። ገንዘብ የሚሰበስብ አዲስ ሰው አልቀጠሩም። በየጥጥ እርሻው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ቅርንጫፉ ቀድሞ አለ። ጸሐፊው ሁሉንም በስም ያውቃል። ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን መከሩ ሳይደርስ እንደማይከፍል ያውቃል። ጢሰኛ ጥሬ ብር የሚያየው በዓመት አንዴ፣ ጥጡ ተመዝኖ ዕዳው ከተቀነሰ በኋላ ነው፤ ያውም ከተረፈው።

ሆስፒታሉ በየካቲት 1942 ተመረቀ። ከ100,000 ዶላር በላይ ፈጅቷል። 42 አልጋ፣ ሁለት ትልልቅ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች፣ ራጅ፣ ላቦራቶሪ፣ ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ ነበረው። ከዋናው ሐኪም እስከ ጽዳት ሠራተኛው ሁሉም ጥቁር ነው። ከመግቢያው በላይ የማኅበሩ ስም ተጻፈ። በሽተኛው የሚገባውም በፊት በር ሆነ።

ክፍያው እንዲህ ነበር። በ1945 አንድ አዋቂ በዓመት 8.40 ዶላር ይከፍላል። በወር ሲመታ 70 ሳንቲም ነው። በዚህ ገንዘብ ቀዶ ሕክምናን ጨምሮ 31 ቀን ሆስፒታል ይተኛል። ቢሞት ደግሞ 200 ዶላር ለቀብር ይሰጣል። የልጅ ክፍያ በዓመት 1.20 ዶላር ነበር። ቀብሩን አልተዉም። ሕክምናውን አጠገቡ ጨመሩበት። «ወይ ይኼ ወይ ያ» የሚል ክርክር ውስጥ ሳይገቡ፣ ሰው በለመደው መዋጮ ላይ አዲሱን አስደገፉት።

የሠራው

አባላቱ ጎረፉ። በ1945 የሚሲሲፒው ቅርንጫፍ አባላት ቁጥር ወደ 50,000 ተጠጋ። ከተማዋ ራሷ ግን ከ1,500 ሰው ያነሰ ነው የሚኖርባት። ሰው ከመላው ዴልታ ይመጣ ነበር ማለት ነው።

የ31 ቀኑ ገደብ ጥሩ ሐሳብ ነበር። አባሉ ምን እንደሚያገኝ በእርግጠኝነት ያውቃል። ማኅበሩም ጣሪያው የት እንደሆነ ያውቃል። «እንደ አስፈላጊነቱ እንረዳለን» የሚል ደንብ ለጠብ በር ይከፍታል። «31 ቀን» የሚል ደንብ ግን ማንም ቆጥሮ ይረዳዋል።

ሌላው የሠራ ነገር ከናሽቪሉ ሜሃሪ የሕክምና ኮሌጅ ጋር የነበረው ትስስር ነው። ኮሌጁ በዚያ ዘመን ጥቁር ሐኪሞችን ከሚያሠለጥኑ ጥቂት ተቋማት አንዱ ነበር። ከ1947 ጀምሮ በሥልጠና ላይ ያሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞቹን በየተራ ወደ ማውንድ ባዩ ይልክ ጀመር። ወጣቶቹ ሐኪሞች ሌላ ቦታ የሚነፈጋቸውን ልምድ አገኙ። ሆስፒታሉም ያለ ሐኪም አልቀረም። የሁለቱም ጥቅም ስለነበረ ግንኙነቱ ቆየ።

የተሰበረው፦ ሰብሳቢውና ሐኪሙ

ዋናው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆስፒታሉ ሲከፈት የ33 ዓመት ሰው ነበር። ከኬንታኪ የመጣ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ሰው የሚወደው፣ ለሥራ የማይደክም። ሆስፒታሉን ታዋቂ ካደረጉት አንዱ እሱ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ችግሩም የተወለደው ከዚያው ነው።

ለበሽተኛው ሆስፒታሉ ማለት ሐኪሙ ነው። ሆዱን ቀዶ ያዳነው እሱ ነው። ለሰብሳቢው ግን ሆስፒታሉ ማለት ማኅበሩ ነው። ሳንቲሙን ለዓመታት የሰበሰበው፣ ጡቡን ያስደረደረው ማኅበሩ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለት ልክ የሆኑ ሰዎች አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ሲያቅታቸው ግን ነገሩ ይበላሻል። በ1947 ተለያዩ። ሐኪሙ ከሆስፒታሉ ወጣ። ተከታዮቹ «የወዳጅነት ሥርዓት» የሚል የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1948 ከመንገዱ ማዶ ሌላ ክሊኒክ ከፈቱ።

ከ1,500 ሰው ባነሰች ከተማ፣ ሁለት የማኅበር ሕክምና ቤቶች፣ ፊት ለፊት። ለሃያ ዓመት ገደማ እንዲሁ ቆዩ። በሽተኛው ምርጫ አገኘ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን አንዱን ለመያዝ እንኳ የማይተርፍ የድሃ መዋጮ ለሁለት ተከፈለ። ሁለት ራጅ፣ ሁለት የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ሁለት ደመወዝ። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። እድር ሲከፈል ያየ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል። ድስቱና ወንበሩ ሲካፈል ጎረቤት ከጎረቤት ሰላም አይባባልም።

ሐኪሙን ግን በዚህ ብቻ መዝጋት አይገባኝም። ከላይ ልብ በሉልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ይመጣል። የሐኪሙ እንጀራ በነጭ አሠሪ እጅ ስላልነበረ አፉን መክፈት ቻለ። በ1955 ኤሜት ቲል የተባለው የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በዚያው ዴልታ በነጮች ሲገደል፣ የችሎቱ ምስክሮችና ጥቁር ጋዜጠኞች ያረፉት በእሱ ቤት ነው። የልጁ እናትም እዚያው አርፋለች። ከዚያ በኋላ የግድያ ዛቻ በዝቶበት ወደ ቺካጎ ሄደ። በማውንድ ባዩ ባቋቋመው የሕይወት ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ፖሊሲ እየዞረ ይሸጥ የነበረ አንድ ወጣትም ነበር። ወጣቱ የጢሰኞቹን ኑሮ በየቤታቸው እየገባ ያየው በዚያ ሥራ ነው። በኋላ የመብት ትግል መሪ ሆኖ በ1963 ደጃፉ ላይ በጥይት ተገደለ። ስለዚህ የማኅበሩ ሳንቲም የሠራው ሆስፒታል ብቻ አልነበረም። የማይፈራ ባለሙያም አኑሯል።

ቀስ ብሎ የመጣው

ጠቡ ሆስፒታሉን ጎዳው እንጂ አልገደለውም። የገደሉት ነገሮች ቀስ ብለው ነው የመጡት።

አንደኛው የጥጥ መልቀሚያ ማሽን ነው። በ1944 ከማውንድ ባዩ በስተሰሜን፣ ክላርክስዴል አጠገብ ባለ አንድ እርሻ ላይ ማሽኑ ለሕዝብ ታየ። አባል ወደ ማኅበሩ በሚጎርፍበት በዚያው ዘመን መሆኑን አስተውሉ። አንድ ማሽን የብዙ አሥር ለቃሚዎችን ሥራ ይሠራል። ጢሰኛው ከመሬቱ ተነቀለ። ወጣቱ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ቺካጎ ሄደ። የቀሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሽማግሌ ደግሞ ይታመማል። ከፋዩ ሲያንስ ታካሚው በዛ።

የሕክምናውም ወጪ በየጊዜው ይጨምር ነበር። መዋጮውን ለመጨመር ግን የሚከፍለውን ሰው ኪስ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ የግዛቱ ተቆጣጣሪዎች መጡ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሆስፒታሉ ፈቃድ አደጋ ላይ ወደቀ። ከተጻፉበት ጉድለቶች መካከል፦ የአልጋና የዕቃ ማስቀመጫ ቦታ ይጠባል፣ የሙያ ምስክር ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች ይበዛሉ፣ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚከፈቱ በሮች የሉትም። ስለ በሩ ብዙ አሰብኩ። በሽተኛ በቃሬዛ ለሚገፋ ሰው እንዲህ ያለ በር ይጠቅማል፤ ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ግን የነጮች ሆስፒታሎች ለብዙ ዓመታት እነዚህን ሰዎች በጎን በር ሲያስገቡ ይኸው ግዛት የጻፈባቸው ጉድለት አልነበረም። ሠራተኞቹም ወረቀት ያጡት የሚያሠለጥነው ትምህርት ቤት በሩን ስለዘጋባቸው ነው።

የመጨረሻው ምክንያት ደግሞ በራሱ መልካም ነገር ነበር። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ወጣ። በ1965 ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉት ለአረጋውያንና ለድሆች የሚከፍሉ የመንግሥት የጤና መድኖች ታወጁ። የመንግሥት ገንዘብ የሚፈልግ ሆስፒታል ሁሉ ጥቁሩን በፊት በር ማስገባት ግድ ሆነበት። ሰው ሌላ ምርጫ አገኘ። ለማኅበሩ መክፈል የሚያስገድደው ነገር ጠፋ።

በ1967 በፌዴራል መንግሥት የፀረ ድህነት ገንዘብ ሁለቱ ሕክምና ቤቶች ተዋሃዱ። ስማቸው ማውንድ ባዩ ኮሚዩኒቲ ሆስፒታል ሆነ። ለሃያ ዓመት ያልታረቁት ተፎካካሪዎች ከውጭ በመጣ ገንዘብ አንድ ሆኑ። ማኅበሮቹ ግን ባለቤትነታቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ የሆስፒታሉ ዕድል የሚወሰነው በየዓመቱ ዋሽንግተን በሚለቀቀው በጀት ነበር። በ1983 ተዘጋ።

ለእኛ የሚሆን

የማውንድ ባዩን ሁኔታ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም። ያ የመድልዎ ዘመን ነው፣ የእኛ ሌላ ነው። አንዳንድ ነገር ግን እድርም፣ በውጭ አገር ያሉ መረዳጃ ማኅበሮቻችንም ሊወስዱት ይችላሉ።

መጀመሪያ የባለሙያው ጉዳይ። ማኅበር ሐኪም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ወይም ጠበቃ ሲይዝ ብዙ ጊዜ በፍቅር ይጀምራል። «የእኛው ልጅ ነው» ይባላል። ውል መጻፍ እንደ አለመተማመን ይቆጠራል። እኔ ውሉ መጻፍ ያለበት ሁሉም በሚዋደድበት ቀን ነው እላለሁ። ሙያውን የሚመለከተው ውሳኔ የማን ነው? ገንዘቡን የሚመለከተውስ? ባለሙያው ከማኅበሩ ውጪ የራሱን ሥራ ቢሠራ ምን ድረስ ይፈቀዳል? ቢለያዩ በሽተኛው የት ይሄዳል? ማውንድ ባዩ ላይ ከጠቡ በኋላ ሆስፒታሉን ያዳነው በአንድ ሰው አለመንጠልጠሉ ነው። ኮሌጁ በየተራ ሐኪም ይልክ ነበር። ከአንድ ባለሙያ ጋር ከመተሳሰር ባለሙያዎችን ከሚያወጣ ተቋም ጋር መተሳሰር ይሻላል።

ሁለተኛው የአባላት ዕድሜ ነው። የእድራችሁን መዝገብ ግለጡና ከ35 ዓመት በታች ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ። መዋጮው ዛሬ ቢበቃም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚታመም እዚያ መዝገብ ላይ ይታያል። ማውንድ ባዩ ላይ ወጣቱ የሄደው በአንድ ሌሊት አልነበረም።

በውጭ ገንዘብ ላይ ረጅም ነገር አልልም። ማውንድ ባዩ የገባው የመንግሥት እርዳታ ብዙ ሰው አክሟል፤ አትቀበሉ ማለት አልችልም። ማኅበሮቹ ሲቀበሉ ግን ትንሽም ብትሆን የራሳቸውን መዋጮ ቢያቆዩ፣ በቦርዱም ላይ ድምፃቸውን ቢያስጽፉ ኖሮ እላለሁ። 70 ሳንቲም የከፈለ ሰው ስብሰባ ላይ ተነስቶ ይጠይቃል።

ሕንጻው

ሕንጻው ከተዘጋ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ባዶውን ቆመ። በ2010ዎቹ አጋማሽ ታድሶ እንደ ድንገተኛ ሕክምና መስጫ ተከፈተ፤ ብዙ ግን አልቆየም። በዚያችው ከተማ በ1967 የተከፈተው ሌላው የጤና ጣቢያ እስከ ዛሬ ይሠራል።

በ1977 በሚሲሲፒ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ለማስከበር ከታገሉት ታላላቅ ሴቶች አንዷ ማውንድ ባዩ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። የጢሰኛ ልጅ ናት፤ ራሷም ጢሰኛ ነበረች። ከ1942 በፊት ቢሆን፣ አንሶላዋን ይዛ በጎን በር ነበር የምትገባው።